የጥራጊው ጆንያ

ይድረስ ክብረ መንግሥት አዶላ ወርቅ ማውጫ ላለኸው ለወንድም ጋሼ እምሩ፤

እንዴት ከረምክልኝ ወንድም ጋሼ፣ ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመህ ስትውል እግርህን የሚበላህስ፣ ቅባቱን አገኘህ ወይ? እማዬስ ክረምቱን እንዴት አለፈችው፣ ዓይኗስ እንዴት ነው፣ አሁንም ሰው የምትለየው በድምፅ ነው ወይ? ሚስትህ አይናዲስ፣ ልጃችሁ ኃይለማርያም፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገራችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እዚሁ ፒያሳ አለሁ፣ ከራስ ምታት በቀር ምንም የሚያመኝ የለም፣ የናንተ ናፍቆት ነው እንጂ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። አትክልት ተራ የማውቀው ሸምሰዲን የሚባል የሽንኩርት ነጋዴ አለ፣ ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን ወደናንተ ለሚመለስ መኪና ሹፌር ሰጥቶልኝ ነው የሚደርስህ፣ ከእምሩ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ብሎ አስምሎታል። ነገሩ የወርቅ ነገር ነው ወንድም ጋሼ። እኔ ላይ ደርሶ አልፏል፣ ግን ያንተ ስም ወረቀት ላይ ገብቷልና አንተንም እንዳይነካህ ፈርቼ ነው የምጽፍልህ። አትደንግጥ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። ለእማዬ ስታነብላት ሰላምታውን ብቻ አንብብላትና የቀረውን ዝለለው፣ ደብሪቱ ደህና ናት ሥራ ላይ ናት በላት። ጽሕፈቴንም ይቅር በለኝ፣ አራተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ጽሕፈት ነው፣ በዚያ ላይ እጄ እሺ አይለኝም።

በፋሲካ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ላይ እኛ እዚህ ከጭቃ የምናወጣው ወርቅ አዲስ አበባ ሲደርስ ምን ይሆናል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፣ እኔም ሳልመልስልህ ቀረሁ። አሠሪዬን ጋሽ አስገዶምን፣ አንጥረኛውን ማለቴ ነው፣ ጠየቅኋቸው። ከናንተ የመጣው ይነጠርና ባንክ ይገባል፣ ከባንክ ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ በሱ ነዳጅ ይገዛበታል የመኪና ዕቃ ይገዛበታል መድኃኒትም ይመጣበታል አሉኝ። እኛ ጋ የሚደርሰው ቁራጩ ነው፣ ለአንጥረኞቹ ማኅበር በሚዛን ይሰጣል፣ ጋሽ አስገዶም ቀለበትና ጉትቻ የአንገት መስቀልም ያደርጉታል። ሌላውም ነገር እንደዚሁ ነው እኮ። አስጠግተው የሚያኖሩኝ እትዬ ጽጌ ቡና መጋዘን ለቃሚ ናቸው፣ መቶ ምናምን ሴት መሬት ላይ ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ ይለቅማል፣ ጥሩ ጥሩው ፍሬ በጆንያ ተሰፍቶ ወደ አሰብ ይጫናል፣ ጥቁሩና ስብርባሪው ለኛ ይቀራል፣ እሱንም ካገኘነው ነው። ሲወጡ ነጠላቸውን አራግፈው ነው የሚፈተሹት። ሃያ ዓመት ለቅሜ ጥሩውን ቡና ቀምሼው አላውቅም፣ እንዴት እንደሚጥም ለሚጠጡት ጀርመኖች ጻፊና ጠይቂልኝ ይሉኛል። ቆዳውም ያው ነው፣ በግ የታረደበት ደጃፍ ሁሉ ቆዳ ሰብሳቢ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሥጋው ሳይበስል ቆዳው ጨው በልቶ መኪና ላይ ነው። አገራችን ያላት ነገር ብዙ ነው ወንድም ጋሼ፣ እኛ የምናየው ስንሸኘው ነው።

አሁን ወደኔ ነገር ልምጣ። ሥራዬ መጥረግ እንደሆነ ታውቃለህ። ከጥር ጀምሮ የጋሽ አስገዶምን ወርቅ ቤት እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከሰል አቀጣጥላለሁ። ከፊት መስታወት ያለበት ባንኮኒ አለ፣ ከኋላ ደግሞ መሥሪያው ነው፣ ጋሽ አስገዶምና ሁለት ሠራተኞች ጉልበታቸው ላይ ቆዳ ዘርግተው ሲቀጠቅጡና ሲሞርዱ ይውላሉ። ታዲያ የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አሉኝ፣ ጓለይ፣ በሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው፣ ጓለይ የጠረግሽውን ውጭ አትድፊ፣ እዚያ ጥግ ያለው ጆንያ ውስጥ ጨምሪው፣ ማታ እጃችንን የምንታጠብበትንም ውሃ አትድፊ፣ ይዝቀጥና ዝቃጩን አድርቀሽ እሱንም እዚያው ጨምሪው አሉኝ። ለምን አላልኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። እኔ በሆዴ ቆሻሻ የሚወስድ መኪና እስኪመጣ ነው አልኩ። ሰባት ወር ሙሉ ከሰሉን ብናኙን የጨርቁን ብጣሽ ሁሉ እዚያ ጆንያ ውስጥ ጨመርኩ፣ ጆንያው ከግማሽ በላይ ሆነ፣ ሳየው ያስጠላኛል፣ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ታቅፈው እንዴት ይቀመጣሉ እላለሁ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከተማው ይጽዳ ተባለ። ምን ልበልህ፣ ፒያሳ ሁሉ ቀለም በቀለም ሆነ፣ አሮጌው ቤት ፊት ቆርቆሮ አጥር ቆመ፣ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያውን ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። ቀበሌ በድምፅ ማጉያ እየዞረ እሑድ ነሐሴ ሃያ የጽዳት ዘመቻ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ቆሻሻ የተገኘበት ወዮለት አለ። ጋሽ አስገዶም እሑድ ጊዮርጊስ አስቀድሰው ቀበና ተዝካር አለባቸው፣ ቁልፉን ለኔ ሰጡኝና ደጃፉን ጥረጊ ስምሽን አስመዝግቢ ብቻ አሉኝ። እኔ ግን ደጃፉ ብቻ አልበቃኝ አለ። ሌላው ሁሉ ሲሯሯጥ ሳይ ወኔ መጣብኝ፣ ቤቱን ከፍቼ ወለሉን ጠርጌ በውሃ አጠብኩት፣ ያንን ጆንያ ጎትቼ አወጣሁና ለጋሪው ሰጠሁት። እንደውም ከባድ ነውና ሁለት ሰው ነው ያነሳልኝ፣ ምን ያለበት ቆሻሻ ነው ብለው ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ገብቶ አየና ሕዝቡን ሰብስቦ ጓዲት ደብሪቱ አርአያ ናት ብሎ አስጨበጨበልኝ። ያን ቀን የተጨበጨበልኝን ያህል በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አስገዶም ገቡ። ቤቱ ሲያበራ አይተው ጎበዝ ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፣ ከዚያ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ቀረ። ጓለይ ጆንያውስ አሉኝ፣ ቀስ ብለው ነው ያሉት። ለዘመቻው ጋሪ ሰጠሁት አልኳቸው፣ እየሳቅሁ ነበር እኮ። ወይለይ ብለው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ሠራተኞቹም መዶሻቸውን አስቀመጡ። አንደኛው ብቻ አርአያዋ ጓዲት አገር አጸዳሽን አይደል አለኝ፣ የሳቀለት ግን የለም።

አንተ የወርቅ ሰው ነህ ገብቶሃል፣ እኔ ግን ያን ቀን ነው የገባኝ። ወርቅ ሲሞረድ ይበናል፣ ወለል ላይ ጫማ ላይ እጅ ላይ ይቀራል፣ ለዚህ ነው ጥራጊው የማይደፋው፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይቃጠልና ይታጠባል፣ ወርቁ ተለቅሞ ይመለሳል። ለጠራጊ ግን አይነገርም፣ የአንጥረኞች ልማድ ነው ከድሮ ጀምሮ፣ ጠራጊው ካወቀ ይሰርቃል ብለው ነው። ጋሽ አስገዶም ጭንቅላታቸውን ይዘው እንዳትሰርቂኝ ብዬ ደበቅሁሽ፣ እንደምትጥዪው አላሰብኩም አሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው አሉ። እሳቸው እንደዚያ ሲሉ እኔ ባሰብኝ።

ለካ አርብ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከማኅበሩ የተቀበሉት ወርቅና የሠሩት ጌጥ ይመዘናል፣ የጎደለው ጥራጊው ውስጥ መኖር አለበት። ጥራጊው ውስጥ ወደ አርባ ግራም ይሆናል አሉ። ያን ያህል ጎድሎ ቢገኝ ጣልኩት ጠፋ የሚባል ነገር የለም፣ በጓሮ ሸጠኸዋል የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ይባላል። በዚያ ላይ ጋሽ አስገዶም የአድዋ ሰው ናቸው፣ ቋንቋቸው ብቻ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያስጠረጥር አንተም ታውቀዋለህ። ባለፈው ዓመት ከኛ ወዲያ ማዶ ያለ አንጥረኛ ከዚህ ባነሰ ተወስዶ ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። ያንቺን ስም አላነሳም፣ እኔ ራሴ ጣልኩት እላለሁ አሉኝ። እግሬ ይዞኝ ወጣ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ልጠፋ ነበር። አትክልት ተራ ሮጬ ሄጄ ሸምሰዲንን ወደ ወንድሜ የሚሄድ መኪና ላይ አሳፍረኝ አልኩት። ሸምሰዲን ቀልደኛ ነው፣ ደብሬ ከባዶ ሳጥን ጋር ጭነን እንላክሽ እንዴ፣ ኬላ ላይ ምንድነሽ ቢሉሽ የተረፈ ጎመን ነኝ ልትዪ ነው አለኝ። ከዚያ ፊቴን ሲያየው ቀልዱን ተወና ምን ሆነሽ አለኝ። ነገርኩት። ወርቅ የሚለውን ግን በጆሮው ነው ያልኩት። ጋሪው የማን ነበር አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሞኚት፣ ጋሪው የኛ ነው እኮ አለኝ፣ ለካ ቀበሌ የአትክልት ተራን ጋሪዎች ነው ለዘመቻው የወሰደው። ሁለት ሦስት ባለጋሪ ጠያይቆ መጣና የፒያሳ ቆሻሻ ሁሉ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች እሪ በከንቱ የሚባል ሠፈር ወንዙ አፋፍ ላይ ነው የተገለበጠው፣ መኪና ላይ መውጣቱን ተዪው፣ እዚያ ሂጂ አለኝ።

ሄድኩ። ወንድም ጋሼ ቆሻሻው ተራራ ነው። ጆንያ ፈለግሁ፣ ጆንያ የሚባል የለም፣ ለካ ጆንያ ዋጋ አለውና የሠፈሩ ሰው ውስጡን እየዘረገፈ ጆንያውን ወስዶታል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኋላ ግን ዓይኔን ስጠርግ አንድ ቦታ ጠቆር ያለ አፈር አየሁ፣ ከሰልና አመድ ያለበት፣ ጠጋ ስል መወልወያ ጨርቃችን አለ፣ ቀዩ፣ እኔ ራሴ ከቀሚሴ ቀድጄ የሰጠኋቸው። ቁልቁል ወደ ወንዙ ትንሽ ፈሷል፣ አብዛኛው ግን እዚያው ነው። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት እናንተ ጋ የመጣሁ ጊዜ ጅረቱ ዳር ወስደኸኝ በገበቴ ስታጥብ አላሳየኸኝም? ወርቅ ከባድ ነው ደብሬ፣ አፈሩ ይሄዳል እሱ ይቀመጣል፣ አትቸኩዪ ብቻ፣ እያዞርሽ አስኪጂው ብለኸኝ አልነበር? እኔ ያኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

እትዬ ጽጌን ሊጥ የሚያቦኩበትን ገበቴ ለመንኳቸው። ለምንሽ ነው አሉ፣ ነገርኳቸው፣ አማተቡና ሰጡኝ፣ ዱቄትም የለ ሊጥም የለ ውሰጂው አሉ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እስከ ቀትር ያንን አፈር ሳጥብ ዋልኩ። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ይሸታል፣ ጣቶቼ አበጡ። የሚያስፈራኝ ግን ዝናብ ነበር፣ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ቢጥል ሁሉንም ይዞት ይወርዳል። ዘንድሮ ዝናቡ እንደሌላው ዓመት አይደለም፣ ከወሎ የሚመጣ ሰው በየደጁ ይታያል፣ ምን እንደሆነ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፣ ሁሉም ግን ዝናብ አምጣ እያለ ነው የሚጸልየው። እኔ ብቻዬን ወንዝ ዳር ተንበርክኬ አምላኬ እስከ ሐሙስ አታዝንብ እል ነበር። ይህንን ለቄስ እነግራለሁ ብያለሁ፣ እስካሁን ግን አልነገርኩም።

የእሪ በከንቱ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። አንዷ ልብስ አጣቢ፣ እህቴ ልብሱ የት አለ ትለኛለች፣ አንዱ ደግሞ ተያት አፈሯን አጥባ ልታሰጣው ነው ይላል። ድንች ነው የማጥበው እላለሁ፣ ድንቹን አሳዪና ይላሉ። ረቡዕ ቀን ቀና ስል ያ አርአያ ያለኝ ሊቀመንበር አፋፉ ላይ ቆሟል። ጓዲት ደብሪቱ ምንድነው የምትሠሪው አለኝ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ዘመቻው አላለቀም ብዬ ነው ጓድ፣ የወንዙም ዳር ይጽዳ ብዬ ነው አልኩት። ቆሞ አየኝ። ገበቴውን አየ። እንዳንቺ ያለ አሥር ሰው ቢኖረኝ አለና ሄደ። እውነት መስሎት ይሁን አውቆ ይለፈኝ ዛሬም አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት የለቀምኩትን በጣሳ ይዤ ገባሁ። ጥቁር አሸዋ ነው የሚመስለው፣ ጋሽ አስገዶም በማግኔት ብረቱን አወጡለት፣ አቃጠሉት፣ አቀለጡት። ከዚያ ሚዛን ላይ አደረጉት። አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት። ሃምሳ አንድ ግራም ነው አሉ። እኔ እልል ልል ነበር፣ አፌን በእጃቸው ያዙኝ። የጠፋው አርባ ነው እኮ ልጄ፣ ይሄ አሥራ አንድ ከየት መጣ አሉኝ።

ቆይቶ ገባቸው። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ እዚህ ፒያሳ ስንት አንጥረኛ ነበር፣ የሁሉም እጣቢ በቦይ ቁልቁል ወደዚያ ወንዝ ነው የወረደው፣ ሙያ ያስተማሩኝ የጌቶቼ ወርቅ ነው ያጠብሽው አሉኝ። እኔ ደስ ይለኛል፣ እሳቸው ላብ ላብ ይላቸዋል። ጎድሎ ቢሆን ሸጠኸዋል ይሉኛል፣ ተርፎ ከሆነ ከየት አመጣኸው ነው የሚሉኝ፣ ይሄ ደግሞ ከዚያ ይብሳል አሉ። አንቺ ወንድምሽ የት ነው የሚሠራው አሉኝ። አዶላ፣ ወርቅ ማውጫው አልኳቸው። ያኔ ነው ወንድም ጋሼ የገባኝ። ያልታወቀ ወርቅ እዚህ፣ አንተ ወርቁ ምንጭ ላይ፣ እኔ መሃል። እውነቱን ማን ያምነናል? የወንዝ ወርቅ ነው ብንል ማን ይሰማናል?

ጋሽ አስገዶም አሥራ አንዱን ግራም ቆረጡና በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉት። አንቺ ነሽ የደከምሽበት፣ እኔ አላየሁም አሉኝ። ይዤው ወጣሁ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። የእማዬ ዓይን ነው ያሰብኩት፣ በዚህ ይታከማል አልኩ፣ መሳፈሪያዋም መኝታዋም ይወጣል አልኩ። አልዋሽህም፣ ከጊዮርጊስ እስከ ድልድዩ ስሄድ አሳክሜያት ጨርሼ ነበር። ግን ለማን እሸጠዋለሁ? የፒያሳ አንጥረኛ ሁሉ ጋሽ አስገዶምን ያውቃል። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ባጠገቤ ሲያልፍ ቋጠሮዬ የሚያበራ መሰለኝ፣ እሱ ግን እኔን አላየኝም፣ የተጠበሰ በቆሎ ነበር የሚበላው። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። እዚያው ያጠብኩበት ቦታ ወርጄ ወረቀቱን ፈታሁና ውሃው ውስጥ ጣልኩት። ጠብ ሲል ድምፅ እንኳን አላሰማም። ሞኝ ናት ካልከኝ እቀበላለሁ። አንተ አሥራ አንድ ግራም ለማውጣት ስንት ቀን ውሃ ውስጥ እንደምትቆም አውቃለሁ።

አርብ ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። መዘኑ፣ ጻፉ፣ ልክ ነው አሉ። ጋሽ አስገዶም ያን ጊዜ ነው የተነፈሱት። ከዚያ አንደኛው የሠራተኛ ስም ይመዝገብ አለና እኔንም ጠራኝ። ስም፣ ሥራ፣ የትውልድ ቦታ፣ የቅርብ ዘመድ የት ነው የሚሠራው አለኝ። አሰብኩ፣ የለኝም ልበል ወይ አልኩ፣ ግን ቀበሌ ያለው ፎርም ላይ ስምህ አለ፣ ብዋሽ ይባስ ይሆናል ብዬ ወንድሜ እምሩ አዶላ ወርቅ ማውጫ ነው አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ወንድሟ ከዚያ ያወጣል እህቱ ከዚህ ትጠርጋለች አለና ለጓደኛው ሳቀ፣ ከዚያ ጻፈው። ቀልድ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁትም። ከዚያ ወዲህ መኪና ደጃፋችን በቆመ ቁጥር መጥረጊያዬን ጥዬ ወደ በሩ አያለሁ። እስካሁን የመጣ የለም፣ ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈ፣ በዓሉም አለፈ። ጋሽ አስገዶም ሁሉንም ሰው ነው የሚጽፉት አይዞሽ ይሉኛል።

እኔ የምለምንህ ይህንን ነው። መጥተው ቢጠይቁህ አትደናገጥ፣ እህቴ ወርቅ ቤት ጠራጊ ናት፣ ሌላ የማውቀው የለም በል፣ እውነትም ነው። ስለ ወንዙ ግን ምንም አታንሳ፣ ይህንንም ደብዳቤ አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው። ሌላው ደግሞ፣ መስኮቱ ላይ ለኃይለማርያም መጫወቻ ብለህ ያስቀመጥክለት ድንጋይ አለ አይደል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ብልጭ የሚለው። አንተ ወርቅ አይደለም የሞኝ ድንጋይ ነው ብለኸኛል፣ አምንሃለሁ፣ ፈታሽ ግን አያምንህም። ልጁ ሲተኛ አውጣና ከወሰድክበት ቦታ መልሰው። እባክህ ወንድም ጋሼ፣ ዛሬውኑ።

ደግ ነገርም አለ። ያ ሊቀመንበር በአብዮቱ በዓል ማግስት ጠርቶኝ ለአርአያዋ ጓዲት ቀበሌው ምን ያድርግላት አለኝ፣ እኔም እናቴ ዓይኗ አያይም የነጻ ሕክምና ወረቀት ይጻፍልኝ አልኩት። ጻፈልኝ፣ ማኅተሙም አለበት፣ አሁን እትዬ ጽጌ ትራስ ሥር ነው። ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን የሚያዩ ሐኪሞች አሉ ይላሉ። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ እማዬን ይዘሃት ና፣ ፈቃድ ካልሰጡህ አይናዲስ ታምጣት። ማኅተሙ የሚያገለግለው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነውና አትዘግዩ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ገበቴውን ሦስት ጊዜ በአመድና በፈላ ውሃ አጥቤ ለእትዬ ጽጌ መለስኩላቸው። ለእንቁጣጣሽ ከየትም ከየትም ብለው ዱቄት አገኙና በሱ አቡክተው ዳቦ ጋገሩ። ስንቆርሰው ፍርፋሪው ውስጥ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች፣ የሰናፍጭ ፍሬ አታክልም። ሁለታችንም አየናት። እትዬ ጽጌ ወደ በሩ አዩ፣ በሩ ዝግ ነው። ይቺስ ባሕር ማዶ አትሄድም አሉና ቁራሹን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ለኔ ሰጡኝ። ብልጭታዋ ለማን እንደደረሰች አላውቅም፣ በላነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ በላት ለአይናዲስ፣ ደብሪቱ መምጫሽን እየቆጠረች ነው ብላ በጆሮዋ ትንገርልኝ። አይናዲስን እራሷንም ሳምልኝ፣ የላከችልኝ ቅቤ ደርሶኛል፣ እስካሁን እየቆጠብኩት ነው። ጎረቤታችሁን እማማ የሺዓለምን ሰላም በልልኝ፣ ጸሎታቸውን አያቋርጡ። ኃይለማርያምን ድንጋዩን ማን ወሰደብኝ ብሎ ቢያለቅስ አክስትህ ደብሪቱ ናት በለው፣ በኔ ይዘን። ለሹፌሩ በፌስታል ስድስት ብርቱካን ሰጥቼዋለሁ፣ ሸምሰዲን ነው የመረጠልኝ፣ ጥሩ ጥሩውን፣ ለልጁ ናቸው። ስድስት መሆናቸውን አይተህ ተቀበለው።

እህትህ ደብሪቱ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
መስከረም ፮ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.